መዝሙር የሚለካበት ትከሻ

ይሄ ነገር የሆነው ጣሊያን ሶዶ ገብቶ ሚሲዮኖቹን ፈረንጆች ካባረረ በኋላ፣ በሁለተኛው ክረምት ማለቂያ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ አልሆነውም። የምጽፈው ግን እንዳልረሳው ብዬ አይደለም፤ አልለቅ ስላለኝ ነው። ያወጣሁት መዝሙር ዛሬ ከጉኑኖ እስከ ዲምቱ ይዘመራል። ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ይስመኛል። እኔ ደግሞ በሳሙኝ ቁጥር መትፋት ያምረኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ትምህርቴ ትንሽ ነው። ፈረንጆቹ ሲባረሩ ሁለተኛውን የማንበቢያ መጽሐፍ ገና ግማሽ አድርሼው ነበር። ጽሑፌ ከጎረበጣችሁ ለጣሊያን ንገሩት።

ፈረንጆቹ ሲሄዱ ጥቂት መዝሙር ትተውልን ነበር፤ በአማርኛ። ከሶዶ ገበያ ወጣ ካላችሁ ደግሞ አማርኛ የሚሰማ ሰው በመብራት ተፈልጎ አይገኝም። ሰዉ ምን እንደሚል ሳያውቅ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደታመመ በሬ እያቃሰተ ይጎትተዋል። በኋላ በገዛ ቋንቋችን በወላይትኛ ማውጣት ተጀመረ። ይሄኔ ሽማግሌዎቹ ፈሩ። እኛ የምናውቀው ዜማ የለቅሶ ነው፣ የሠርግ ነው፣ የዘመን መለወጫችን የጊፋታ ነው፣ የደቦ ነው፤ አለዚያ የቃልቻ ቤት ነው። የቃልቻ ቤት ዜማ ሾልኮ ከገባ ሰይጣንን በእጃችን ጎትተን አስገባነው ማለት ነው አሉ። ታዲያ በምን ይለይ?

ያገኙትን ዘዴ ስሙ።

አዋ አንጁሎ የሚባል ሽማግሌ አለ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው «አዋ» ነው የሚባለው፣ አባት እንደማለት። አዋ አንጁሎ ሠላሳ ዓመት ቃልቻ ሆኖ አገሩን ሲያንቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነው። ፈረንጆቹ ሳይሄዱ አመነና የቃልቻነቱን ዕቃ በሙሉ በገዛ እጁ አቃጠለ። ድሮ መንፈስ ሲይዘው መጀመሪያ የሚነሳው ቀኝ ትከሻው ነበር፤ ይሄን ሕፃኑም ያውቃል። እና ሽማግሌዎቻችን አዲስ መዝሙር በመጣ ቁጥር አንጁሎን ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ግንድ ላይ ያስቀምጡታል፣ ቡልኮውን ገፈው ቀኝ ትከሻውን ይገልጡታል፣ ከዚያ መዝሙሩ ይዘመራል። ትከሻው ከተነሳ ዜማው የሰይጣን ነው፣ ይጣላል። ዝም ካለ የእግዚአብሔር ነው፣ እሁድ ይዘመራል።

እየቀለድኩ አይደለም። ትልልቅ ሰዎች፣ ጺም ያላቸው፣ የልጅ ልጅ ያዩ፣ እየተሰበሰቡ የሰው ትከሻ ያያሉ።

አለቃቸው ዳና ሻንካ ነው፤ «ዳና» የሹም ማዕረግ ነው። ዳና ሻንካ ጸሎት ሲጀምር ጎደሬ ጥዳችሁ ከመጣችሁ፣ ቤት ሄዳችሁ፣ በልታችሁ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ ብትመለሱ ገና አሜን አላለም። አማቹ ቶማ ደግሞ መዝሙር አውጪ ነኝ ይላል። የቶማ መዝሙር እንዲህ ነው፦ ጌታ ትልቅ ነው፣ በጣም ትልቅ ነው፣ ከትልቅም ትልቅ ነው። ሲጨርስ ደግሞ እንዳንሳሳት «ትንሽ አይደለም» ይላል። የቶማ መዝሙር እንኳን ትከሻ ዝንብም አያስነሳ። ሁሌ ያልፍለታል።

የሚያናድደው ይሄ ብቻ አይደለም። አንጁሎ ራሱ አልተጠመቀም ነበር። ሁለቴ ተራው ደርሶ ሁለቴ መልሰውታል። «ትከሻህ እየተነሳ፣ ሰይጣን ይዘን ወንዝ አንገባም» ይሉታል። ትከሻውን የሚያስነሱት እነሱ ራሳቸው ናቸው፤ መዝሙር እያመጡ። ይሄን የሚያስብ ጭንቅላት ከመሐላቸው አልተገኘም። ያልተጠመቀ ሰው ደግሞ ከተጠመቁት ጋር አንድ ገበታ አይቀርብም። ቃልቻ የነበረውን ሰው እንኳን ገበታ መንገድም አይጋሩትም፤ ሲመጣ ያዩ ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እንሰቱ ውስጥ ይገባሉ።

እኔ መዝሙሬን ያወጣሁት ደቦ ላይ ነው። የአንዲት ባልቴት ማሳ ስንቆፍር ነበር፣ ዳና ሻንካም አብሮን ነበር። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ዶማው መሬት ሲመታ ይቀበላል። እየቆፈርኩ አሰብኩ። እኛ ጌታ ሲባል የምናውቀው ማንን ነው? ጣሊያን ሳይመጣ በፊት አባቴ ገባር ነበር። ጌታው ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ አባቴ ይቆፍራል። ጌታ ማለት ይሄ ነው። ታዲያ ያኛው ጌታ፣ የሰማዩ፣ የሞተልን የሚሉት፣ እሱስ? ቃሉ እዚያው ከአፌ ወጣ፦

አረም የዋጠውን ማሳዬን
ጌታዬ መጥቶ ቆፈረው፤
እኔ ጥላ ሥር ተኝቼ
ላቡ ጠብ ሲልብኝ ነቃሁ።

ተቀባዩ በየመስመሩ ዶማው ሲያርፍ «ለእኔ! ለእኔ!» ይላል። በወላይትኛው ይሻላል፤ አማርኛው እግሩን ይጎትታል።

የጥምቀቱ ቀን እሁድ ስለነበር አዲስ መዝሙር ይፈለግ ነበር። ሰኞ ሄድኩና ሁለት ጓደኞቼን ተቀባይ አድርጌ ቆምኩ። አንጁሎ ግንዱ ላይ ተቀመጠ። ጀመርኩ። አፌን የሚያይ ሰው አንድ የለም፤ ሁሉም ያንን ትከሻ ነው የሚያየው፣ ድመት የአይጥ ጉድጓድ እንደምታየው። «ላቡ ጠብ ሲልብኝ» ስል ትከሻው ተነሳ። ሄዶ ጆሮው ጋ ደረሰ።

«በቃ! በቃ! አቁም!» አለ ዳና ሻንካ።

«ዳና፣ ዜማው እኮ የደቦ ነው። እርስዎም ባለፈው ሲቆፍሩበት ነበር።»

«ትከሻውን አላየህም?»

«መዝሙሩንስ እርስዎ ሰሙት?»

«ምኑን ልስማ! ትከሻውን እያየሁ!»

አንዱ ሽማግሌ ከጎኑ ተነስቶ «ደግሞ ጌታ ዶማ የሚይዘው ገባር ነው እንዴ?» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። ዳና ሻንካ ወደ አንጁሎ ዞረና «አንተም በዚህ እሁድ ትቀራለህ» አለው። አንጁሎ ቡልኮውን ትከሻው ላይ መለሰና «እሺ» አለ።

መንገድ ላይ ጠበቅኩት። አፌ ክፉ ነው፣ አልደብቅም። «አንተ አሮጌ ቃልቻ! ሰይጣንህን ይዘህ ጫካህ አትገባም? መዝሙሬን ገደልክብኝ!» አልኩት።

«እውነትህን ነው» አለኝና አለፈ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ እንሰት ስኮተኩት መጣ። ራቅ ብሎ ቆመ፤ ሰው ሲሸሸው የኖረ ሰው አቋቋም ነው።

«ልጄ፣ ያንን መዝሙር አንድ ጊዜ ትለው?»

«ለምን? ሰይጣንህ ናፈቀው?»

«አላውቅም። ለማወቅ ነው የመጣሁት።»

እውነቱን ልናገር፣ ለክፋት ዘመርኩለት። ሰይጣኑ ጥሎት ሲያንፈራግጠው አይቼ ልስቅ ነበር። ትከሻው እዚያችው ቦታ ላይ ተነሳ። አልወደቀም። ቆሞ እንባው ጺሙ ላይ ይወርዳል። ስጨርስ ሆዱን በእጁ ያዘ።

«ያኔ ሲይዘኝ ሆዴ ይቀዘቅዝ ነበር» አለኝ። «ያልኩትን እኔ አላውቀውም፣ በኋላ ሰው ነበር የሚነግረኝ። አሁን ግን ቃሉን አንድ በአንድ ሰማሁት። ሆዴም ሞቆኛል።»

እሱ ቀጠለ።

«ሠላሳ ዓመት ማሳዬን ሰው ነው የቆፈረልኝ። ልጁ የታመመበት፣ ላሙ የሞተችበት፣ ሁሉ እኔን ፈርቶ ዶማ ተሸክሞ ይመጣል። እኔ ጥላ ሥር እተኛ ነበር። አንድ ሰው ሳይፈራኝ መጥቶ ቆፈረልኝ ስትል ... ይሄን ማን ነገረህ?»

«ማንም» አልኩ። ከዚያ አንድ ነገር መጣብኝ። «የቶማ መዝሙርስ እንዴት ያደርግዎታል?» አልኩት። አንቱ ማለት የጀመርኩት እዚያ ላይ ነው፣ ሳላውቀው።

«የቶማ? እንቅልፌን ነው የሚያመጣው።»

«የሸክላ ሠሪዋ ሴትዮስ? ያ የጣሉት?»

«ኧረ እሱማ! ሦስት ቀን እህል አልበላሁም።»

የተጣሉትን መዝሙሮች አንድ በአንድ ጠራሁለት። የሸክላ ሠሪዋን፣ የዓይነ ስውሩን፣ ልጇ የሞተባትን ሴት። እያንዳንዳቸው ልብ የሚያርዱ ነበሩ። ሰውዬው መዝሙር ሲያምር ነው ትከሻው የሚነሳው! ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ፍሬውን ስንደፋ እብቁን ስንዘምር ከርመናል። እዚያው እንሰቱ ሥር ተቀምጬ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?»

«እኔ ማነኝ?» አለ። «ቃልቻ የነበረ ሰው 'ይሄ ሰይጣን አይደለም' ቢል ማን ያምነዋል? ደግሞስ እኔ በምን እርግጠኛ ነኝ?»

ረቡዕ ዕለት ሽማግሌዎቹ ጋ ገሠገሥኩ። ብልጥ ነኝ ብዬ አይደል? «ፈረንጆቹ መጀመሪያ ያስተማሩንን መዝሙር እንሞክር» አልኳቸው። ተገረሙ፣ ግን እሺ አሉ። ቃሉን ሌሊቱን ወደ ወላይትኛ መልሼው ነበር። እንደ ሰው፣ ነፍስ ዘርቼበት ዘመርኩት። የአንጁሎ ትከሻ ብድግ አለ።

«በሉ እንግዲህ! የፈረንጆቹም መዝሙር የሰይጣን ነው?» አልኩ። ደስ ብሎኛል። አፋቸው ይዘጋል ብዬ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ተዘጋም። ዳና ሻንካ ብዙ ጊዜ ጺሙን ሲያክ ቆየና እንዲህ አለ፦

«በፈረንጅ መዝሙር እንኳ የሚነሳ ሰይጣን ቀላል ሰይጣን አይደለም። አንጁሎ አንድ ዓመት ይቆይ።»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቶማ ደግሞ «መዝሙሩም ወደ አማርኛው ይመለስ፣ ቀስ ተብሎም ይዘመር» አለ። ይሄም ጸደቀ። ከዚህ በላይ ቀስ ቢባል እንቅልፍ ነው።

አንጁሎ አሁንም «እሺ» አለ። እኔ ነኝ ያመጣሁበት። ምላሴ ነው። ደሜ ፈላና «ቅዳሜ አንድ የመጨረሻ ዕድል ስጡት» አልኩ። «የእኔን መዝሙር ዜማውን ቀይሬ አመጣለሁ። ካልተነሳ እሁድ ይጠመቅ።»

«ከተነሳስ?» አለ ዳና ሻንካ።

«እርስዎ ይበሉ።»

«ከተነሳ ዳግም የጥምቀት ነገር አያንሳብን። እስኪሞት።»

አንጁሎ አየኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ ልትፈትለው ያስቀመጠችው ጥጥ ነበር። አንስቼ አሳየሁትና «ጆሮዎን ይድፈኑ» አልኩት።

«ጦሳን ማታለል አይሆንብኝም?» አለ። ጦሳ የምንለው እግዚአብሔርን ነው።

«ጦሳ ጆሮዎ ውስጥ ያለውን ያያል። የሚታለለው ዳና ሻንካ ነው። ዳና ሻንካን ማታለል ኃጢአት ነው የሚል የትኛው መጽሐፍ ላይ አለ? እኔ እስከደረስኩበት ድረስ የለም።»

ሳቀ። አንጁሎ ሲስቅ ያን ቀን አየሁ። ከዚያ ኮስተር አለና «ከተጠመቅሁ በኋላ ግን ትዘምርልኛለህ። ለብቻዬ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው» አለኝ። እሺ አልኩ፣ ቃል ገባሁ።

ጥጡን ቅቤ አስነክቼ በገዛ ጣቴ ጠቀጠቅኩት። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን።

«ይሰማሉ?» አልኩት። ዝም። ጠጋ ብዬ ጮኼ «አንተ አሮጌ ቃልቻ!» አልኩት። ፈገግ ብሎ አየኝ። ቡልኮውን ራሱ ላይ አለበስኩትና ሄድን።

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። «ዜማውን ቀይሬዋለሁ» አልኳቸው። አንዲት ነገር አልቀየርኩም። በምን ያውቃሉ? ባለፈው ሲያዩ እንጂ ሲሰሙ አልነበረም። ጀመርኩ፣ ጓደኞቼ «ለእኔ! ለእኔ!» አሉ፣ ሁሉም ትከሻው ላይ አፈጠጡ። አንጁሎ ቡልኮው ራሱ ላይ እንዳለ፣ ቀኝ ትከሻው ብቻ ተገልጦ፣ እንደ ግንዱ ቁጭ ብሏል። አንዴ ዘመርኩት። «ድገመው!» አሉኝ። ደገምኩት። ምንም የለም።

ይሄኔ ዳና ሻንካ ያልጠበቅኩትን አመጣ። «አንጁሎ፣ ምን ተሰማህ?» አለው።

አንጁሎ ዝም።

«አንጁሎ! ምን ተሰማህ እያልኩህ ነው!»

አንጁሎ ፊታችንን አንድ በአንድ አየ። የሁላችንም ዓይን እሱ ላይ እንደሆነ ገባው። ከዚያ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አነሳና «አሜን!» ብሎ ጮኸ። የራሱን ድምፅ የማይሰማ ሰው ጩኸት ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዛፉ ላይ የነበሩት ወፎች በሙሉ ተነስተው ሄዱ።

ዳና ሻንካ አለቀሰ። «ቃል አጥቶ ነው!» አለ። «ነጻ የወጣ ሰው እንዲህ ነው!» ያ ጌታ ገባር ነው ወይ ያለው ሽማግሌ ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ይሄኛው ዜማ ግሩም ነው። ያኛውማ የሰይጣን መሆኑ ያስታውቅ ነበር» አለኝ።

እሁድ የጣሊያን ሰላዮች ሳይነሱብን በማለዳ ወንዝ ወረድን። አንጁሎ ጥጡን አላወጣም፤ ሕዝቡ ወንዙ ዳር መዝሙሬን እየዘመረ ስለሆነ ፈርቷል። ሲነከር ሰዉ «ለእኔ! ለእኔ!» እያለ መሬቱን በእግሩ ይመታል። ሴቶች ያለቅሳሉ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ያልሰማው የተነከረው ሰውዬ ብቻ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ይሄን አላሰብኩም። ሁሉም እኔን እያየ ነበር፣ በኩራት አብጬ ነበር።

ማክሰኞ ቃሌን ልፈጽም ቤቱ ሄድኩ። ጓሮ ተቀምጦ አገኘሁት፣ ጆሮው ክፍት ነው። ፊቱ ቁጭ ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ሁለት መዳፉን አንስቶ ጆሮው ላይ አደረገ።

«ተወው ልጄ።»

«ቃል ገብቼልዎት የለም?»

«ገብተሃል። ግን ተወው። ትላንት የዳና ሻንካ ቤት አብሬያቸው በላሁ። አንዲት እናት ልጇን እቅፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ትከሻዬ ቢነሳስ?»

«እዚህ ማን ያየናል?»

«እኔ አየዋለሁ» አለኝ።

እጁን ከጆሮው አላወረደም። ተነስቼ ወጣሁ።

ይኸው እስከ ዛሬ አንጁሎ ግንዱ ላይ ይቀመጣል። ጥጡን አሁን ራሱ ነው የሚጠቀጥቀው። ከዚያ ወዲህ አንድም መዝሙር አልተጣለም። የሸክላ ሠሪዋ መዝሙር ተመልሶ አለፈ፣ እሰየው። ቶማ ደግሞ በሳምንት ሁለት ያወጣል፣ እሱም ያልፋል። ዳና ሻንካ ሰይጣን ከአገራችን ጨርሶ ወጣ እያለ ይሰብካል። ሰዉ ሁሉንም በአንድ አፍ፣ በአንድ ለቅሶ ይዘምረዋል፤ የቱ ምን እንደሆነ የሚለይ የለም።

ልጆቹ «አዲስ አላወጣህም?» እያሉ ይጠይቁኛል። «የለኝም» እላለሁ። ውሸቴን ነው፤ አራት አለኝ። ጥሩ ይሁኑ አይሁኑ ግን አላውቅም። ሽማግሌዎቹን ብጠይቅ ግሩም ነው ይሉኛል፤ ለቶማም ግሩም ነው ይሉታል። የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱን በገዛ ጣቴ፣ በቅቤ፣ ጠቅጥቄ ደፈንኩት። ሽማግሌዎቹን እስክሞት እንቃቸዋለሁ፣ ለእነሱ ስድብ ሞልቶኛል። ለራሴ የሚሆን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ እየፈለግኩ ነው።